ስለ ቴሌቪዥን ሥራና ስለ ፊልም ሥራ

ጥበብ ሁሉ መሣሪያ አለው። ገበሬ ያለ ሞፈር፣ ሸማኔ ያለ መወርወሪያ፣ ጸሐፊም ያለ ብርዕ ሥራውን ሊሠራ አይችልም። ነገር ግን ሁለት ሰዎች በአንድ ዐይነት መሣሪያ ስለ ሠሩ ሥራቸው አንድ ነው ማለት አይቻልም፤ ደብዳቤ የሚገለብጠውም ጸሐፊ፣ ቅኔ የሚቀኘውም ሊቅ የሚጽፉት በአንድ ዐይነት ብርዕ ነውና። ቴሌቪዥንና ፊልም የሚባሉት ሁለቱ ጥበቦችም እንዲሁ ናቸው። ሁለቱም በካሜራ ያነሣሉ፤ ሁለቱም በድምፅና በብርሃን ይጠቀማሉ፤ ሁለቱም ደራሲና አዘጋጅ፣ ተዋናይና መብራት አብሪ ያስፈልጓቸዋል። ስለዚህ ብዙ ሰው ፊልምን ትልቅ ቴሌቪዥን፣ ቴሌቪዥንንም ትንሽ ፊልም አድርጎ ይቈጥራል። ከዚሁ አስተያየት የተነሣ በጥበቡ ሊሠማሩ በሚያስቡ ወጣቶች ዘንድ አንድ ልማድ ሠርጿል፤ ይኸውም ቴሌቪዥንን ወደ ሲኒማ ለመግባት ደጅ የሚጠናበት ስፍራ እንጂ ራሱን የቻለ ሙያ አድርጎ አለመመልከት ነው።

እኛ በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንፈልገው ይህ አስተያየት ሁለቱንም ጥበቦች የሚጐዳ መሆኑን ነው። የሁለቱ ልዩነት በመጋረጃው ስፋት ወይም በገንዘቡ ብዛት የሚለካ አይደለም፤ ሠራተኛው ከሰዓት ጋር ባለው ግንኙነት የሚለካ ነው እንጂ። ባጭሩ ለመናገር፣ በቴሌቪዥን የሚሠራ ሰው ለሰዓት ይገዛል፤ በፊልም የሚሠራ ሰው ግን ሰዓትን ይገዛል። ይገዛል ስንልም በሁለቱም ፍች ነው፤ በገንዘቡ ይሸምተዋል፣ በፈቃዱም ያዝዘዋል። የቀረው ልዩነት ሁሉ ከዚህ የሚመነጭ ነው።

ነገሩን ለማስረዳት አንድ ድርሰት በሁለቱም መንገድ የተሠራበትን ጊዜ መመልከት ይበጃል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የምናነሣቸው ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባሉ በቀር በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢዎቻችን ይወቁልን።

ሬጂናልድ ሮዝ የተባለው አሜሪካዊ ደራሲ ፍርድ ቤት ተጠርቶ ከሕዝብ ከተመረጡት ፈራጆች አንዱ ሆኖ ካገለገለ በኋላ «ዐሥራ ሁለት የተቈጡ ሰዎች» የተባለውን ድርሰት ጻፈ። በአሜሪካ እንዲህ ያለ ከባድ ወንጀል በችሎት ሲታይ፣ ተከሳሹ ጥፋተኛ ነው ወይም አይደለም ብለው የሚወስኑት ከተራው ሕዝብ የተውጣጡ ዐሥራ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ውሳኔያቸውም በአንድ ድምፅ መሆን አለበት። በድርሰቱ ውስጥ አባቱን በጩቤ ወግቶ ገድሏል ተብሎ የተከሰሰ አንድ ወጣት አለ። ዐሥራ አንዱ ሰዎች ቶሎ ፈርደው ወደየቤታቸው ለመሄድ ይቸኩላሉ፤ አንዱ ብቻ ነገሩ ሳይመረመር ሰው ለሞት አይሰጥም ብሎ ይቆማል። ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ ሁሉ ማለት ይቻላል፣ በአንድ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚደረግ ክርክር ነው።

ይህን ድርሰት መጀመሪያ ያቀረበው፣ በ1954 በሴፕቴምበር ወር፣ ሲ.ቢ.ኤስ. የተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ድርጅት ነው። ዝግጅቱ የቀረበው «ስቱዲዮ ዋን» በሚባለው የትያትር ሰዓት ላይ ሲሆን አዘጋጁ ፍራንክሊን ሻፍነር ነበር። በዚያን ዘመን የቴሌቪዥን ትያትር በአብዛኛው ወደ ሕዝብ የሚተላለፈው ተዋንያኑ በሚጫወቱበት በዚያው ደቂቃ ነው። ሥዕልን የሚይዘው የቪዲዮ ክር ለሥራ የቀረበው ከሁለት ዓመት በኋላ በ1956 ስለ ሆነ፣ ለማስታወሻ የሚቀረው ከቴሌቪዥኑ መስተዋት ላይ በፊልም የሚቀዳ ደብዛዛ ቅጂ ብቻ ነበር። የዚህ ትያትር ሙሉ ቅጂ እንኳ ለብዙ ዘመን ጠፍቶ ኖሮ የተገኘው በ2003 ነው።

የሥራው አኳኋን ይህን ይመስላል። በስቱዲዮው ውስጥ ከአንድ በላይ የሆኑ ካሜራዎች ባንድ ጊዜ ይሠራሉ። አዘጋጁ ከተዋንያኑ ተለይቶ በመቈጣጠሪያው ክፍል ይቀመጥና የየካሜራዎቹን ሥዕል በፊቱ እየተመለከተ፣ አሁን ይህኛው፣ አሁን ያኛው ይውጣ እያለ ያዝዛል። አንዱ ካሜራ ሌላውን ካሜራ እንዳያሳይ፣ የድምፅ መቀበያውም ጥላ በተዋናይ ፊት ላይ እንዳያርፍ ሁሉም አስቀድሞ በእርምጃ ይለካል። ተዋናዩ ቃል ቢጠፋው፣ ወይም በር አልከፈት ቢል፣ ወደ ኋላ መመለስ የሚባል ነገር የለም። አባቶቻችን «ከአፍ ከወጣ አፋፍ»፣ ደግሞም «የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም» ያሉት ለዚህ ሥራ የተነገረ ይመስላል። ከዚህም በላይ የዝግጅቱን ወጪ የሚችለው ዌስቲንግሀውስ የተባለው የኤሌክትሪክ ዕቃ ኩባንያ ስለ ነበረ፣ ማስታወቂያው በተወሰነለት ደቂቃ መግባት አለበት። ስለዚህ ከተመደበው አንድ ሰዓት ውስጥ ለታሪኩ የሚተርፈው ሃምሳ ደቂቃ ያህል ብቻ ነበር።

ከዚህ ሁሉ ጭንቅ ምን ተገኘ ቢባል፣ የተገኘው ቀላል አይደለም። የአሜሪካ ቴሌቪዥን ሠራተኞች የሚሸለሙበት ኤሚ የተባለው ሽልማት ለደራሲው ለሮዝ፣ ለአዘጋጁ ለሻፍነር፣ እንዲሁም ዋናውን ሰው ሆኖ ለተጫወተው ለሮበርት ካሚንግስ ተሰጠ። በእኛ አስተያየት ጭንቁ ራሱ ለታሪኩ ጠቅሞታል። በታሪኩ ውስጥ ያሉት ፈራጆች ሳይስማሙ ከክፍሉ መውጣት አይችሉም፤ የሚጫወቱትም ተዋንያን ሰዓቱ ሳይሞላ ከስቱዲዮው መውጣት አይችሉም። ሁለቱም እስረኞች ናቸው። ተመልካቹ በተዋንያኑ ግንባር ላይ የሚያየው ላብ የማን ላብ እንደ ሆነ፣ የፈራጁ ይሁን የተጫዋቹ፣ ለመለየት ይቸገራል። ይህ ቴሌቪዥን ለሰዓት በመገዛቱ ያገኘው ጸጋ ነው።

ያው ድርሰት በ1957 ፊልም ሆነ። ፕሮዲዩሰሮቹ ደራሲው ሮዝና ዋናውን ሰው ሆኖ የተጫወተው ሄንሪ ፎንዳ ሲሆኑ አዘጋጁ ሲድኒ ሉሜት ነው። ሉሜት ከዚያ በፊት በዚያው በሲ.ቢ.ኤስ. የቴሌቪዥን ትያትር ሲያዘጋጅ የኖረ ሰው ስለ ነበረ ለሲኒማ ሲሠራ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ከተዋንያኑም መካከል ጆሴፍ ስዊኒና ጆርጅ ቮስኮቬክ በቴሌቪዥኑም በፊልሙም ተጫውተዋል። ታሪኩ ከሃምሳ ደቂቃ ወደ 96 ደቂቃ አደገ። ወጪው 340,000 ዶላር ያህል ነበር፤ ይህም ለአንድ ግለሰብ ብዙ ቢመስልም ለሆሊዉድ እጅግ ትንሽ ገንዘብ ነው። ሉሜት ተዋንያኑን ሁለት ሳምንት ካለማመደ በኋላ ቀረጻውን ከሃያ ቀን ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ጨረሰው።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል። ሉሜት ከቴሌቪዥን ወደ ፊልም ይዞት የገባው ትልቁ ሀብት ሳይሮጥ መታጠቅን ነው። ያ የሁለት ሳምንት ልምምድ የቴሌቪዥን ልማድ ነው፤ ነገ በዚህ ሰዓት ሕዝብ ፊት እቀርባለሁ ብሎ የሚሠራ ሰው ሳይዘጋጅ አያድርምና። በፊልም ሥራ ግን ያልሆነውን ነገር ደግሞ ለማንሣት ስለሚቻል፣ ዛሬ ካልሆነ ነገ ይሆናል የሚል መዘናጋት ብዙ ጊዜ ይገባል።

እንግዲህ ሉሜት በፊልሙ ውስጥ ከቴሌቪዥን ያልተማረውን ምን አደረገ? የመጀመሪያው ሥፍራን እንደ ሰዓት መግዛቱ ነው። ከፎቶግራፍ አንሺው ከቦሪስ ካውፍማን ጋር ተማክሮ የፊልሙን አንድ ሦስተኛ ካሜራውን ከሰዎቹ ዐይን በላይ አድርጎ፣ ሁለተኛውን ሦስተኛ በዐይን ትክክል፣ የመጨረሻውን ደግሞ ከዐይን በታች አድርጎ አነሣው። ሌንሱንም ክርክሩ እየከረረ በሄደ መጠን እያስረዘመ ለወጠው፤ ሌንሱ ሲረዝም ከሰዎቹ በስተጀርባ ያለው ግድግዳ የቀረበ ይመስላልና። ተመልካቹ ይህን የእጅ ሥራ ሳያውቀው ክፍሉ እየጠበበ፣ ጣራው እየወረደ፣ ትንፋሹም እያጠረ ይሄድበታል። በመጨረሻ ሰዎቹ ከፍርድ ቤቱ ሲወጡ በሰፊ ሌንስ ተነሥቶ ሲታይ ልክ እስራት እንደ ተፈታለት ሰው ይተነፍሳል። ይህን የመሰለ ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በዕቅድ መሥራት የሚቻለው ካሜራውን አቁሞ፣ መብራቱን አስተካክሎ፣ እንደገና ለመጀመር ጊዜ ላለው ሰው ነው።

ሁለተኛው ነገር ለተዋንያኑ ከባድ ነበር። ገንዘብ ለመቈጠብ ሲባል መብራቱ ለአንድ ወንበር ከተስተካከለ በኋላ፣ በዚያ ወንበር በኩል የሚነሣው ሁሉ፣ የታሪኩ መጀመሪያም ይሁን መጨረሻ፣ አንድ ላይ ይነሣል፤ ከዚያ ወደ ሚቀጥለው ወንበር ይኬዳል። ስለዚህ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ሲጣሉ በምናይበት ስፍራ አንዱ የተናገረው ዛሬ፣ ሌላው የመለሰለት ግን ከብዙ ቀን በኋላ የሆነበት ጊዜ አለ። ሉሜት ራሱ ስለ ሥራው ሲናገር የእያንዳንዱ ተዋናይ ቍጣ በየትኛው ደቂቃ ምን ያህል መድረስ እንዳለበት በልምምዱ ጊዜ በአእምሮው ባይዝ ኖሮ ሊሠራው እንደማይችል አስረድቷል።

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ብለን እናስተውል። በቴሌቪዥን ትያትር ተዋናዩ ቍጣውን እንደ እሳት ከታች አንሥቶ እያቀጣጠለ ይሄዳል፤ የሚረዳው ሰዓቱ ራሱ ነው፤ ሁለተኛው ቃል ከአንደኛው፣ ሦስተኛውም ከሁለተኛው ይወለዳል። በፊልም ግን ፍሙ ተበትኗል፤ ተዋናዩ ነበልባሉን ዛሬ፣ ጭሱን የዛሬ ሳምንት እንዲያሳይ ይታዘዛል። ስለዚህ የቴሌቪዥን ተዋናይ ብርታቱ በጽናት ነው፤ የፊልም ተዋናይ ብርታቱ በትዝታ ነው። በአንዱ የተካነ ሰው በሌላው ቢሰናከል አያስደንቅም። ለፊልሙ አዘጋጅም የተሰበረውን እንስራ ሳይሰበር በፊት እንደ ነበረ አድርጎ በአእምሮው የመያዝ ዕዳ አለበት።

ሌላ ምሳሌ እንጨምር። ከ1955 ጀምሮ በቴሌቪዥን ላይ በስሙ የሚጠራ ተከታታይ ዝግጅት የነበረው ዝነኛው አልፍሬድ ሂችኮክ፣ በ1960 «ሳይኮ» የተባለውን ፊልም ሲሠራ ለትልልቅ ፊልሞቹ የሚጠቀምባቸውን ሠራተኞች ትቶ በአብዛኛው ከቴሌቪዥን ዝግጅቱ ያሉትን ወሰደ። ፊልሙን በጥቍርና ነጭ፣ በ800,000 ዶላር ገደማ ጨረሰው። እነዚህ ሠራተኞች ፈጣኖች ስለ ነበሩ አብዛኛው ሥራ በቶሎ ሄደ። ነገር ግን ሴቲቱ በመታጠቢያ ቤት የምትገደልበት፣ በመጋረጃ ላይ ከአንድ ደቂቃ ያነሰ ጊዜ የሚወስደው ክፍል ሲደርስ ሂችኮክ ሥራውን አዘገመ፤ ለዚያች ክፍል ብቻ ሰባት ቀን ሰጣት። በሌላው ቀን በቴሌቪዥን ፍጥነት ያተረፈውን ጊዜ አጠራቅሞ፣ በአንድ ስፍራ ላይ በፊልም ለጋስነት አፈሰሰው። ሁለቱን ሙያዎች አውቆ ማስታረቅ ማለት ይህ ነው።

ከዚህ በላይ የተናገርነው ፊልም ይበልጣል የሚል አስመስሎን እንደ ሆነ፣ በሌላው ወገን ያለውን ደግሞ እንመልከት። በመጀመሪያ፣ ቴሌቪዥን ለደራሲ ክብር ሰጥቷል። በዚያ የቀጥታ ትያትር ዘመን ለሥዕል ማጌጫ ጊዜም ገንዘብም ስላልነበረ ሸክሙን የሚሸከመው ቃል ነበር። የፓዲ ቻየፍስኪ ድርሰት «ማርቲ» በ1953 በቴሌቪዥን ቀርቦ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ በዚያው አዘጋጅ በዴልበርት ማን ፊልም ሲሆን፣ የካንን ታላቅ ሽልማትና በምርጥ ፊልምነት የኦስካርን ሽልማት አግኝቷል። ታሪኩ ግን የአንድ ሥጋ ሻጭ የብቸኝነት ኑሮ ነው። ሲኒማ በዚያን ጊዜ መጋረጃውን ለማስፋት ሲሽቀዳደም ይህን ትንሽ ሰው አስቀድሞ አይቶ ያከበረው ቴሌቪዥን ነበር።

ሁለተኛም፣ ቴሌቪዥን በየቀኑ ሰዓት ቢጠብበትም በሳምንታት በኩል ሰፊ ነው። ስዊድናዊው ኢንግማር በርግማን በ1973 «የጋብቻ ኑሮ ትዕይንቶች» ልንለው የምንችለውን ሥራ ለአገሩ ቴሌቪዥን በስድስት ክፍል ሠራው፤ ከዚያም ለሲኒማ አሳጠረው። «ፋኒና አሌክሳንደር» የተባለው የ1982 ሥራውም በሲኒማ የ188 ደቂቃ፣ በቴሌቪዥን የ312 ደቂቃ ርዝመት አለው። የሁለት ሰዎች ትዳር ሲፈርስ የሚፈርሰው ባንድ ምሽት አይደለም፤ ተመልካቹም ሳምንት ቈይቶ ወደ እነርሱ ሲመለስ፣ እንደ ጎረቤት ሆኖ ይጠይቃቸዋል። ሲኒማ እንግዳ ነው፤ አንድ ቀን ደምቆ ይመጣል፣ ይሄዳል። ቴሌቪዥን ግን ቤተኛ ነው።

የሥራው አደረጃጀትም ይለያያል። የፊልም ሥራ ደቦን ይመስላል፤ ሰው ከየስፍራው ይጠራል፣ ለጥቂት ሳምንት ያለ ዕረፍት ይሠራል፣ አዝመራው ሲገባ ይበተናል፤ የሚቀጥለው ደቦ መቼ እንደሚጠራ ማንም አያውቅም። የቴሌቪዥን ሥራ መሥሪያ ቤትን ይመስላል፤ ሠራተኛው በየጊዜው ደመወዙን ይቀበላል፣ በየሳምንቱም የሚደርስ ሥራ ይጠብቀዋል። ደቦ ኅብረትና ደስታ አለው፤ ዋስትና ግን የለውም። መሥሪያ ቤት ዋስትና አለው፤ ነገር ግን ልማድ ሲበዛበት ሥራው መዝገብ መሙላት ብቻ እንዳይሆን ያሠጋል። እኛም በመሥሪያ ቤት የምንኖር ሰዎች ስለ ሆንን ይህን አደጋ ከማንም ይበልጥ እናውቀዋለን።

አንዳንድ ሰው ይህ ሁሉ የድሮ ነገር ነው፤ ዛሬ ሁለቱም በአንድ ዐይነት ዲጂታል ካሜራ ይሠራሉ፣ ታላላቆቹም ተከታታይ ድራማዎች እንደ ፊልም ይቀረጻሉ ይል ይሆናል። በእርግጥ መሣሪያው ተዋህዷል። በአገራችንም ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የስቱዲዮው ካሜራና የፊልሙ ካሜራ በዘር የተለያዩ ነበሩ፤ ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ ግን በአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶች የታዩት አማርኛ ፊልሞች አብዛኞቹ በቪዲዮ የተቀረጹ ናቸው። ቢሆንም የሰዓት ሕግ አልተሻረም። ተከታታይ ድራማ ሳምንት በመጣ ቍጥር የሚቀርብ ክፍል ይጠየቃል፤ ደራሲው ባይጠናቀቅለትም ቀኑ ይደርሳል። በቀጥታ የሚተላለፍ ኳስ ጨዋታና በዓልም ዛሬ ድረስ የፈሰሰ ውኃ ነው።

ፊልም ሰዓትን ይገዛል ማለትም ብዙ ቀን ይፈጃል ማለት ብቻ አይደለም። ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ በ1976 ለሕዝብ የቀረበውን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተባለውን ፊልማቸውን አገራችን መጥተው ያነሡት በሁለት ሳምንት ገደማ ነው፤ ፊልሙ ግን ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል። ከዚያ በኋላ የተነሣውን አምጥቶ መምረጥ፣ መቍረጥና መግጠም ነበረ። በሬዎቹ ቀስ ብለው ሲያርሱ፣ ገበሬውም በጌታው ፊት ቆሞ ሲጠብቅ፣ ፊልሙ ሳይቸኩል እንድናይ ያደርገናል። በሁለት ሳምንት ተነሥቶ የዘመናትን ያህል የሚረዝም ጊዜ ማሳየት ሰዓትን መግዛት ነው።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የምናወጣው ፍርድ ይህ ነው። «ዐሥራ ሁለት የተቈጡ ሰዎች» በፊልምነቱ ከቴሌቪዥኑ ይበልጣል ብለን እናምናለን፤ እያንዳንዱ ፈራጅ የገዛ ራሱን ፊት ያገኘው በተጨመረው አርባ አምስት ደቂቃና በካውፍማን ሌንስ ነውና። ነገር ግን በቴሌቪዥን የተማረውን ዝግጅት ያልያዘ ሰው በሃያ ቀን ባልሠራውም ነበር፤ ድርሰቱም አስቀድሞ ቴሌቪዥን ባይቀበለው ኖሮ ከደራሲው መሳቢያ ላይወጣ ይችል ነበር። ስለዚህ ታናሽና ታላቅ ብሎ መክፈሉ ለማንም አይጠቅምም።

ሥራ የሚመዝኑ ሰዎችም አንዱን ሥራ በሌላው ሚዛን እንዳይመዝኑ ያስፈልጋል። ለቴሌቪዥን የተሠራውን ሥራ፣ ሥዕሉ አልተዋበም ብሎ ከመንቀፍ በፊት፣ በተሰጠው ሰዓት ውስጥ ቃሉን አድምቆታልን፣ የተዋንያኑን ጽናት አሳይቷልን ብሎ መጠየቅ ይገባል። ለሲኒማ የተሠራውንም ሥራ፣ ብዙ ወጪ ወጣበት ብሎ ከማድነቅ በፊት፣ የገዛውን ጊዜ የት ላይ አዋለው ብሎ መመርመር ይገባል። መምህራን ይህን ልዩነት ለተማሪዎቻቸው ቢያስረዱ፣ በመሥሪያ ቤቶችም ያሉ ኃላፊዎች አንድን ሠራተኛ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያዛውሩ ይህን ቢያስቡ፣ ብዙ ድካም ይቀንሳል።

በቴሌቪዥን ስቱዲዮ ውስጥ ገብቶ ዐይኑን ወደ ሲኒማ መጋረጃ አሻግሮ የሚተክል ወጣትም ይህን ያስተውል። ደጅ የሚጠና ሰው የቆመበትን ስፍራ አያይም፤ በሩን ብቻ ያያል። ሉሜት ግን ቆሞ በነበረበት ስፍራ ሙያውን ተምሮ ነበርና በሩ ሲከፈትለት ባዶ እጁን አልገባም።